ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ውሉስ የማን ነው?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከባሌ ሮቤ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋይዋ የአጎቴ ልጅ ናት። ስለ ቤተሰቡ ደኅንነት፣ ስለ ብርዱና ስለ ስንዴው ከተጠያየቅን በኋላ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

"ጋሼ፣ አንዲት የውጭ አገር ልጅ ቤታችሁ አስቀምጡልን ብለውናል። ለሚስዮን ሥራ ነው የምትመጣው። ሦስት ወር እኛ ጋ ተቀምጣ ቋንቋውንና ኑሮውን ትልመድ ነው የሚሉት። ወረቀትም ሰጥተውናል። አንተ ሕግ ተምረሃል፤ እንፈርም ወይስ እንተወው?"

"እስቲ አንብቢልኝ" አልኳት። ወረቀቱ አንድ ገጽ አይሞላም። ቤተሰቡ መኝታ ክፍልና በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ ይሰጣል፤ ልብስ ያጥባል፤ ላኪው ድርጅት በየወሩ ለአባወራው ገንዘብ ይከፍላል ይላል። ልጅቷ ብትታመም፣ ባይስማሙ፣ ንብረት ቢጠፋ፣ በቤቱ ውስጥ ስለ ሃይማኖት መነጋገር ቢመጣ ምን እንደሚደረግ የሚናገር አንድም መስመር የለም።

"ነገ እደውልልሻለሁ" ብዬ ዘጋሁ። ነገ ያልኩት ሳምንት ፈጀ። ጉዳዩ ከሕጉ በላይ የሄደ፣ የራሴንም ቤት አሮጌ ቁስል የሚነካ ሆነብኝ። በየከተማው ተመሳሳይ ጥያቄ የሚቀርብላቸው ቤተሰቦች ጥቂት ስላልሆኑ፣ ለእርሷ የሰጠሁትን መልስ ለአንባብያንም ላካፍል ወደድኩ።

እንግዳ ለባሌ ብርቅ አይደለም

አገራችን የመሸበትን ሰው ለመቀበል የተዘጋጀ ቃል ያላት አገር ናት። መንገደኛው ከደጅ ቆሞ "የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ" ሲል፣ ከውስጥ የሚመጣው መልስ "ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ" የሚል ነው። የቆሎ ተማሪ ከአገር አገር የዞረው፣ ነጋዴ በረሃና ደጋ ያቋረጠው በዚህ ቃል ነው።

ባሌ ደግሞ የራሱ የረጅም ዘመን ልምድ አለው። ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዙ ምእመናን፣ ጫፉ እንደ መንሽ የተሰነጠቀውን በትራቸውን ይዘው በእግራቸው ሲመጡ፣ በየመንገዱ ያለው ሕዝብ ያበላቸዋል፣ ያሳድራቸዋል። ለእነዚህ መንገደኞች ወተት የምታቀርብ፣ ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የተሠራውን ጩኮ የምታወጣ የባሌ እናት ከማንም ጋር ውል አልተፈራረመችም።

ወደ ኋላ ርቀን ከሄድንም የነቢዩ መሐመድ የመጀመሪያዎቹ ተከታዮች በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባሕር ተሻግረው በአክሱም ንጉሥ ጥላ ሥር ያረፉት በንጉሡ ዘንድ ማንም የማይበደልበት አገር ነው ተብሎ ስለተነገራቸው ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚኮራበት ታሪክ ነው።

ይሁን እንጂ የእግዚአብሔር እንግዳ ነገ ማለዳ ይሄዳል። ሦስት ወር ወይም ስድስት ወር የሚቀመጥ፣ የላከው ድርጅት ያለው፣ ወርኃዊ ክፍያ የሚከፈልለትና ለተወሰነ ዓላማ የመጣ ሰው ግን ሌላ ዓይነት እንግዳ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሁለተኛውን እንግዳ በመጀመሪያው ሥርዓት ብቻ ስንቀበለው ነው።

ላኪዎቹ ቤተሰብ የሚፈልጉት ለምንድን ነው?

የውጭ ሰው ወደ ደጋው ባሌ መምጣቱ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ የሰላም ጓድ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ከ270 በላይ ወጣቶችን ይዞ ነበር፤ አብዛኞቹ በየክፍለ ሀገሩ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሆኑ። የዚያን ጊዜ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው ጎባም እንደነዚህ ያሉ መምህራንን አይታለች። ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ በኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆነ፤ መቱ ያስተማረው ጆን ጋራሜንዲም የምክር ቤት አባል ሆኗል። የሰላም ጓድ የመንግሥት እንጂ የሃይማኖት ድርጅት አይደለም። ነገር ግን "ሠልጣኝ መጀመሪያ ቤተሰብ ውስጥ ይኑር" የሚለውን አሠራር በብዙ አገሮች ያስለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 እንደገና ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሰ በኋላም፣ በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ፈቃደኞቹን ከመላው ዓለም እስከሰበሰበበት ጊዜ ድረስ፣ አዲስ መጪዎቹን በሥልጠናቸው ወራት ከአገሬው ቤተሰብ ጋር ያስቀምጥ ነበር።

በሚስዮኖች በኩልም ሐሳቡ የቆየ ነው። ወንጌላውያን ቶማስና ኤሊዛቤት ብሩስተር የተባሉት ባልና ሚስት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ፣ አዲስ ሚስዮናዊ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ከአገሬው ሰው ቤት ይኑር ብለው ተከራክረዋል። መጀመሪያ የውጭ ሰዎች ግቢ ውስጥ የገባ ሰው ልቡ እዚያው ይቀራል፤ ቋንቋውንም ሕዝቡንም ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ የሚል ነው ክርክራቸው። "የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ" የምንለውን እነርሱ በራሳቸው መንገድ የደረሱበት ይመስለኛል።

የእኛም ሕግ ይህንን ጉዳይ ቀደም ብሎ ነክቶታል። በ1936 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1944) ስለ ሚስዮኖች የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 3 አገሪቱን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልልና ለሚስዮኖች ክፍት የሆነ ክልል ብሎ ከፈላት። በመጀመሪያው ክልል ሕክምናና ትምህርት እንጂ የራስን እምነት ማስፋፋት አልተፈቀደም ነበር። ሚስዮናውያን አማርኛ እንዲማሩም ይጠበቅባቸው ነበር። ያ ሥርዓት ዛሬ የለም። ሕገ መንግሥቱ መንግሥትንና ሃይማኖትን ለይቷል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ2012 ሮቤን ማዕከል ያደረገ ሐዋርያዊ ፕሪፌክቸር አቋቁማ የመጀመሪያውን ኃላፊነት ለካፑቺኑ መነኩሴ ለአባ አንጄሎ አንቶሊኒ ሰጥታለች። ቋንቋ የመማሩ ግዴታ ግን በሕግ ባይሆን በኑሮ አለ። ዛሬ ባሌ ለሥራ የሚመጣ ሰው አፋን ኦሮሞ ሳይማር ሥራውን ሠራሁ ማለት አይችልም። ቋንቋ ደግሞ ከመጽሐፍ ይልቅ ከማጀት ይለመዳል።

በእናቴ ቤት የሆነው

በ1989 ዓ.ም. ጎባ የሚኖሩት ወላጆቼ አንድ የውጭ አገር ወጣት ለስድስት ወር እንዲያስቀምጡ ተጠይቀው ነበር። እኔ አዲስ አበባ ሥራ ይዤ ነበርና ነገሩን ያወቅሁት ለገና ስሄድ ነው። ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቼ ክፍላቸውን ለቀው ሳሎን መደቡ ላይ ይተኛሉ። የጎባን ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እናቴ ከቤቱ የተሻለውን ብርድ ልብስና አዲሱን ጋቢ ለእንግዳው ሰጥታ፣ ልጆቿን በአሮጌው ሸፍናለች። ማለዳ ውኃ ታሞቅለታለች። በጾም ቀን እንኳ ለእርሱ ለብቻው እንቁላል ትጠብስለታለች።

በሰባተኛው ሳምንት ልጁ ዕቃውን ሸክፎ ከተማው ውስጥ በተከራየው ክፍል ገባ። አመስግኖ፣ እጅ ነስቶ ነው የሄደው። እናቴ ግን ታመመች ማለት ይቻላል። ቡና ላይ ጎረቤት "ያ ልጅ ምነው ወጣ?" ሲላት የምትመልሰው አጣች። እኔን ስታገኝ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ምን አጎደልኩበት?"

በኋላ ልጁን አግኝቼ ሻይ እየጠጣን ጠየቅሁት። አፍሮ ከቆየ በኋላ ነገረኝ። በሰባት ሳምንት ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳ ብቻውን ሆኖ አያውቅም። በሩን ዘግቶ ደብዳቤ ሊጽፍ ሲቀመጥ ከእናቴ የተላከ ልጅ "አመመህ ወይ?" ብሎ ያንኳኳል። ሲጠግብ "ብላ" ይባላል፤ እምቢ ካለ የሚያስቀይም ስለመሰለው ይበላል፤ ሌሊት ሆዱን ያመዋል። ወንድሞቼ ክፍላቸውን የለቀቁለት መሆኑን ያወቀውም በአንድ ወሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደውም።

በእኛ ቤት በሩን የሚዘጋ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተቆጥቷል፣ ወይ ኀዘን ደርሶበታል። በእርሱ ቤት የተዘጋ በር የተዘጋ በር ብቻ ነው። ይህችን አንዲት ነገር አስቀድሞ ለሁለቱም የነገረ ሰው ቢኖር ኖሮ እናቴም ባልተከፋች፣ እርሱም ባልሸሸ ነበር። ላኪው ድርጅት ግን ከአባቴ ጋር በገንዘቡ ተስማምቶ፣ ልጁን ከነሻንጣው አድርሶ ሄዷል። ውኃ የምታሞቀው እናቴ የገንዘቡን ልክ እንኳ የሰማችው ልጁ ከወጣ በኋላ ነው።

ውሉ ምን ዓይነት ውል ነው?

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቤት ኪራይ ይናገራል፤ ስለ ሆቴል አገልግሎትም ይናገራል። እንግዳን በቤተሰብ ውስጥ ማኖር ግን ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት የወሰደ እንጂ አንዱንም በሙሉ ያልሆነ ነው። ተከራይ ወጥቱን ራሱ ይሠራል፤ የሆቴል እንግዳ አስተናጋጁ ቢከፋው ግድ የለውም። በቤተሰብ የሚኖር እንግዳ ግን ከአንድ ትሪ ይበላል።

ስለዚህ ተዋዋዮቹ ራሳቸው በግልጽ ካልጻፉት፣ ክርክር ሲነሳ ዳኛው የትኛውን ሕግ ይጥቀስ የሚለው ራሱ ክርክር ይሆናል። የሆቴል ባለቤት ለእንግዳው ዕቃ ያለበትን ኃላፊነት አንዲት የሮቤ እመቤት ላይ መጫን ፍትሕ አይመስለኝም። በሌላ በኩል የእንግዳው ኮምፒዩተር ቢጠፋ "እኔ ምን አገባኝ" ማለቱም አያስኬድም።

ሕጉ እንዲህ ላለ ውል የተለየ ፎርም አያዝም፤ በቃልም ሊጸና ይችላል። እኔ ግን በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት እላለሁ። መጻፉ አለመተማመን የሚመስላቸው አሉ። ተሳስተዋል፤ የሚጻፈው ፍቅሩ እንዳይበላሽ ነው። እንግዲህ ለአጎቴ ልጅ በውሉ ይግቡ ያልኳቸው ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ በሥራቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው፤ የፌዴራሉም የኦሮሚያም የቤተሰብ ሕግ በዚህ ይስማማሉ። ድካሙ በአብዛኛው የሚስት ሆኖ ሳለ ገንዘቡን ባል ብቻ ተዋውሎ የሚቀበልበት ወረቀት መፈረም የለበትም።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡን ድርጅቱ ይክፈል፣ እንግዳዋ በእጇ አትስጥ። ከእንግዳ እጅ የእንጀራ ዋጋ መቀበል ለእኛ ሰው ይከብዳል፤ ስለሚከብደውም ሳይጠይቅ ይጎዳል። ክፍያው የቤት ኪራይ መልክ ከያዘ የኪራይ ገቢ ግብር ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል ይህንንም ቀድሞ ማጣራት ነው።

ሦስተኛ፣ የቤት ሠራተኛ ካለች ደመወዟ ይጨመር። የእንግዳዋን ልብስ የምታጥበውና ውኃ የምታሞቀው እርሷ ናት። በማንኛውም ወረቀት ላይ ስሟ ሲጠቀስ አላየሁም።

አራተኛ፣ ክፍሏ ከውስጥ የሚቆለፍ በር ይኑረው፤ የተዘጋ በርም ቅያሜ እንዳልሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ይወቅ። በቀን የተወሰነ ሰዓት ብቻዋን ብትሆን ማንም አያንኳኳ። ቤቱ ውስጥ ሕፃናትና ልጃገረዶች ስላሉም ድርጅቱ የላካትን ሰው ማንነትና የቀድሞ ጠባይ አጣርቶ በጽሑፍ ያረጋግጥ። ቤተሰቡም ቢጣራ ቅር ሊለው አይገባም፤ ጥንቃቄው ለሁለቱም ነው።

አምስተኛ፣ የመግቢያ ቪዛዋና የመኖሪያ ፈቃዷ ከመጣችበት ሥራ ጋር የሚስማማ መሆኑን ድርጅቱ ያሳይ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 በሕጋዊ መንገድ በአገሪቱ የሚገኝ የውጭ ዜጋም መኖሪያውን የመምረጥ ነፃነት እንዳለው ይናገራል፤ ቁልፉ "በሕጋዊ መንገድ" የሚለው ነው። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ ሥራ መሥራት መዘዙ ለአስተናጋጁም ይተርፋል። ቀበሌውም ቢያውቅ መልካም ነው።

ስድስተኛ፣ መውጫው ይጻፍ። ማንኛውም ወገን በሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ፣ ምክንያት ሳይዘረዝር፣ ያለ ቅያሜ ማቆም ይችላል የሚል አንድ መስመር። እናቴ ያቺን መስመር አስቀድማ አንብባት ቢሆን ኖሮ "ምን አጎደልኩበት" አትልም ነበር።

ስለ ሃይማኖትስ?

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። እንግዳዋ ለሚስዮን ሥራ ነው የመጣችው። የአጎቴ ልጅ ቤት የኦርቶዶክስ ቤት ነው፤ ግራና ቀኝ ጎረቤቶቿ ሙስሊሞች ናቸው። ሃይማኖትን የመከተልና የመግለጽ ነፃነት በአንቀጽ 27 ለሁሉም ተሰጥቷል። ያው አንቀጽ ግን ማንም ሰው በማስገደድ የፈለገውን እምነት ከመያዝ ሊከለከል እንደማይችል ይደነግጋል፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን በራሳቸው እምነት መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸው በንዑስ አንቀጽ 4 ያስቀምጣል።

ስለዚህ ያስተናገደችን ሴት ልጆች፣ እናታቸው በሌለችበት፣ በከረሜላና በሥዕል መጽሐፍ ወደ ራስ እምነት መጥራት የእንግዳ ወግ አይደለም፤ የወላጆቹንም መብት ይነካል። አዋቂ ጠይቆ ቢመለስለት ሌላ ነገር ነው። ሁለት አዋቂዎች በቡና ሰዓት ስለ እምነታቸው ቢጨዋወቱ ክፋት የለውም። በሌላ በኩል አስተናጋጅም እንግዳዋን ወደ ራሱ ደብር ጎትቶ መውሰድ የለበትም። በራሷ ፈቃድ ለጥምቀት ብትወጣ ወይም በጎረቤት ኢድ ብትጋበዝ እሰየው።

የተጻፈ ሕግ የማይደርስባቸው ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። ከእነዚህ ዋናው ሥጋ ነው። የውጭ ሰው ሥጋ ሥጋ ይመስለዋል። ለባለውለታዎቿ ደስ ይበላቸው ብላ ከገበያ ሥጋ ይዛ ብትገባ፣ ማን ባረከው የሚለው ጥያቄ ይነሳል፤ የገዛችው ከሙስሊም ሉካንዳ ከሆነ ድስቱም ላይወጣ ይችላል። ለሙስሊም ጎረቤትም ነገሩ በተገላቢጦሽ ያው ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን መሆኑን፣ በረመዳን ቀን ጎረቤት ፊት መብላት ደስ እንደማይል፣ ቡና አቦል ጠጥቶ መነሳት እንደማይለመድ፣ ጎረቤት ሲሞት ለቅሶ መድረስ ከመቶ ስብከት እንደሚበልጥ አስቀድሞ ቢነገራት ብዙ እፍረት ይተርፋታል። ቤተሰቡም "በቃኝ" የሚለው ቃል ስድብ አለመሆኑን ይማር።

የባሌን አየርም አትርሱ። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ከጎባ ወደ ሳነቴ የወጣ ሰው ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከቆላ አገር ለመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታትና ድካም ያመጣሉ። ይህንን ኩርፊያ አድርጎ የሚያይ ቤተሰብ ይኖራል። ስትታመም ወዴት እንደምትወሰድና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በወረቀቱ ይጻፍ።

እኛም እንግዶች ነን

ይህን ሁሉ ስጽፍ ስለ ፈረንጅ ብቻ እየተናገርኩ አይደለም። የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬ የራሳቸውን ልጆች ለሚስዮን ወደ ውጭ አገር ይልካሉ። የእኛ ልጅ በሰው አገር፣ በማያውቀው ቤት፣ የማያውቀውን ምግብ ፊቱ አድርጎ ሲቀመጥ እናቱ የምትመኝለት ምንድን ነው? ያንኑ ለሰው ልጅ ማድረግ ነው።

በወንጌሉ የተላኩት ደቀ መዛሙርት የቀረበላቸውን እንዲበሉ፣ ከቤት ወደ ቤትም እንዳይዛወሩ ታዘዋል። ያ የጎባው ወጣት ይህንን ሳያነብ አልመጣም። ሳያውቅ የቀረው የእናቴን ቤት ሕግ ነው፤ እናቴም የእርሱን። መጽሐፉን የሰጠው ሰው ስለ በሩም ሊነግረው ይገባ ነበር።

በሳምንቱ ደወልኩላት። "ፈርሚ፤ ግን ባልሽም ይፈርም፤ እነዚህ ስድስት ነጥቦችም ይግቡ" አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ጋሼ፣ ሁሉንም እላቸዋለሁ። የበሩ ነገር ግን ከበደኝ። ልጅቷ በሯን ዘግታ ስትውል እንዴት አስችሎኝ ዝም እላለሁ?" አለችኝ።

ሳቅሁ። እናቴ የተናገረች መሰለኝ። "አንድ ሰዓት ታገሺ" አልኳት። "ከዚያ ቡና አፍይና ጥሪያት።"

ከቀናት በኋላ ወረቀቱ በሁለት ገጽ ተጽፎ፣ ባልና ሚስት ፈርመውበት፣ በምስክሮችም ጸንቶ መመለሱን ነገረችኝ። ድርጅቱ ስለ መውጫው መስመር ቢያንገራግርም በመጨረሻ ተቀብሏል። ለበሩም ቁልፍ ተገዝቷል። አሁን የሚጠበቀው እንግዳዋ ናት። ስትደርስ "ቤት ለእንቦሳ" እንድትል የሚያስተምራት ባይኖር እንኳ፣ "እንቦሳ እሰሪ" የሚላት ቤተሰብ አላት።

ቸር እንሰንብት።